የሰፋኝ ጉርድ

ሰኞ 3

ሐኪሙ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። የጉልበቴን ራጅ መብራቱ ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካካ «እዚህ ጋ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው፤ መጋጠሚያው መቀየር አለበት» አለኝ። ይቀየራ፣ አልኩት። ሳቀ። «በዘጠና አራት ኪሎ አልቀይርልዎትም። ሰማንያ ስድስት ይግቡልኝ። አሥራ ሁለት ሳምንት አለዎት። ካልሆነ ተራዎን ለሌላ ሰው እሰጥና እርስዎን ለዛሬ ዓመት ከመንፈቅ እመዘግብዎታለሁ።»

ዓመት ከመንፈቅ! እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ጨርቅ የምቆርጥ ሰው ነኝ። አሠሪዬ ባለፈው ወር ሳነክስ አይታኝ «እስቲ የዘንድሮው ዩኒፎርም እስኪያልቅ እንይ» ብላኛለች። እሷ እንይ ስትል አይታ የጨረሰችውን ነው። ከእኔ በፊት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የነበሩትን ሴትዮ እግራቸው ሲደክም ከመስኮቱ ሥር ቁልፍ እንዲተክሉ አስቀመጠቻቸው። ዓመት ሳይሞላቸው ቤታቸው ቀሩ። ያን ወንበር ሳየው ፊቴን አዞራለሁ።

ደብተር የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ነርሷ «እማማ፣ የሚበሉትንና የሚራመዱትን ይጻፉ» ስላለችኝ ነው። የዛሬ ምሳ፦ ሾርባ፣ ዳቦ ሁለት።

እሺ፣ ሦስት።

ማክሰኞ 4

ለቀጭኔ ነገርኳት። ለሌላ ለማን እነግራለሁ? ሃያ ስድስት ዓመት የእሷ የስፌት መኪና ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ቁመቷን አይተው ገና በገባች ሳምንት ቀጭኔ አሏት፤ ዛሬ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

«አብሬሽ እራመዳለሁ» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን አለሽ የሚቀነስ?»

«ምላሴን እቀንሳለሁ።»

ጎህ ሲቀድ መንገዱ ጥግ ተገናኝተን እስከ ሥራ ቤት በእግር ልንሄድ ተስማማን። ስድስት ፌርማታ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን፣ ከዚያ እያልን።

ሚዛን ላይ በየጊዜው አልወጣም። ሚዛን ያለው ፋርማሲው ደጃፍ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ቁጥሩን የምትናገረው እንደ ጨረታ ነው። ሜትርም ወገቤ ላይ አላዞርም። ሜትር እንደ ያዡ እጅ ይዋሻል፤ ስንቷ ሴት ፊቴ ቆማ ሆዷን ስትውጥ አይቻለሁ። እኔ የማምነው ግራጫውን ጉርዴን ነው። በገዛ እጄ የሰፋሁት ነው፣ ሥራ ቤት ከጠረጴዛዬ በስተጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ጠዋት ለብሼው ማታ እዚያው አወልቀዋለሁ። ዛሬ ቁልፉ ሆዴ ላይ ማህተም መትቷል። ሲሰፋኝ ያን ጊዜ ቀነስኩ ማለት ነው። ጉርድ ለሰው አያዳላም።

ሐሙስ 6

ሁለት ፌርማታ ተራመድኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። የቀጭኔ አንድ እርምጃ የኔ ሦስት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች። እንቁላል ጉልበት የለበትም፣ አልኳት።

እሑድ 9

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱን ተረክቧል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ወዲህ በሉ ወዲያ በሉ ይላል። ስኳሩን ደብቆብኛል። ልብስም የሚያጥበው እሱ ነው። ዛሬ ሰላጣ አቀረበልኝና ከፊቴ ቁጭ ብሎ «ሳገባሽ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነበርሽ፤ ትርፉን ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ካንተ ጋር ስኖር ያጠራቀምኩት ንዴት ነው» አልኩት።

ሳቅን። ስኳሩ ያለበትን ግን አልነገረኝም። (ከመጥረጊያው ጀርባ ነው። አገኘሁት።)

ሐሙስ 13

አራት መቶ ሸሚዝ። እግሬ አብጧል። አልተራመድኩም። ብስኩት፦ አልቆጠርኩም።

ሰኞ 17

ጉርዱ ያው ነው። እንዲያውም የጠበቀኝ መሰለኝ።

ዓርብ 21

ዛሬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሱሪ ቆርጬ ስጨርስ ጉልበቴ ከዳኝና ጠረጴዛው ላይ ወደቅሁ፤ መቀሱ ከእጄ አምልጦ አንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ በረዥሙ ቀደደው። አሠሪዬ የተቀደደውን ራሷ ጠቅልላ ወሰደችው። ቢያንስ ብትሰድበኝ ጥሩ ነበር።

ቀጭኔ በሩን አንኳኳች። «ምን ሆንሽ እህቴ?»

«ልተወው ነው» አልኳት በበሩ ውስጥ። «ሥልሳ አንድ ዓመት የከመርኩትን በሦስት ወር የት አደርሰዋለሁ? ጠረጴዛውንም ይውሰዱት። እዚያ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ቁልፌን እተክላለሁ።»

  ከዚያ እግሯ ሲርቅ ሰማሁ።

ማክሰኞ 25

ሰፋኝ!

ጠዋት ጉርዱን ለበስኩ፣ ቁልፉን ቆለፍኩ፣ ቆለፍኩና ተነፈስኩ። በወገቡ ውስጥ ጣቴን አስገባሁ፤ ሙሉ ጣት። ደግሜ አወለቅኩት፣ ደግሜ ለበስኩት። ጮህኩ መሰለኝ፣ ሁሉም መኪናቸውን አቆሙ። «ጣት ይገባል! እዩ፣ ጣት ይገባል!» እልል ሊሉልኝ ምንም አልቀራቸው። የካውያዋ ልጅ አጨበጨበች። «እትዬ፣ አንጀትዎ ነው የቀረው» አለችኝ።

ቀጭኔ ከመኪናዋ ቀና አላለችም። ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደስታዬ የሚያስለቅሳት ሰው አለኝ። ይሄን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ ዛሬ የባሰ ወደድኳት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ስኳሩን መለሰው። ለአንድ ማንኪያ ብቻ።

ሰኞ 1

አዲስ ወር። ሦስት ፌርማታ። እየሳቅሁ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ግን ሕመሙ የሚያልቅበት ቀን ያለው ሕመም ሆነ። ይሄን ልዩነት የማያውቅ ሰው ታሞ አያውቅም።

ሐሙስ 4

ባለቤቴን ተቆጣሁት። የቤት ቀሚሴን በፈላ ውኃ አጥቦ አኮማትሮታል፤ ብብቴ ሥር አልገባም አለ። ጨርቅ ሳላውቅ የተወለድኩ ይመስል «እኔ በቀዝቃዛ ነው ያጠብኩት» ይለኛል። በቀዝቃዛ ውኃ የሚኮማተር ጨርቅ የትኛው ነው? አሁን ከመሬት ተነስቼ ልወፍር ነው? ሥራ ቤት ያለው ጉርዴ ይመስክርብህ አልኩት።

ረቡዕ 10

ሁለት ጣት ይገባል። ሁለት!

ሥራው እብደት ነው። ነጭና ሰማያዊ፣ ነጭና ሰማያዊ፤ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ነጭና ሰማያዊ ነው። ቀጭኔ ከሁላችንም ቀድማ ትገባለች አሁን። አብረን መራመዱ ቀረ ማለት ነው፤ በአውቶቡስ ነው የምትመጣው። «ሥራ ተቆልሎብኛል» ትላለች። እኔም ብቻዬን ስለሚሰለቸኝ ከሦስተኛው ፌርማታ እሳፈራለሁ። አንዳንዴ ከሁለተኛው። ለማንኛውም እየቀነስኩ ነው።

ጠዋት ስለብስ በጉርዱ ጎን አውራ ጣቴን አንድ ሸካራ ነገር ነካው። ገልብጬ ላየው ስል አሠሪዬ ጠራችኝና ሄድኩ። ከዚያ ረሳሁት። የቀጭኔ ወንበር ሥር ግራጫ ክር ቁራጭ ነበር፤ ከየት መጣ? ጠርጌ ጣልኩት። ሥራ በዝቷል።

ቅዳሜ 13

ሻይ ልቀዳ ስገባ የካውያዋ ልጅና የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋ ያወራሉ። «ብታውቅስ?» ትላለች አንዷ። «ዝም በይ፣ መጣች» አለች ሌላዋ። ከሁለቱ አንዷ አርግዛለች ብዬ ጠረጠርኩ። የካውያዋ ትመስለኛለች፣ ፊቷ ደምቋል።

ቅዳሜ 20

ዛሬ የሥራ ቤቱን ልጆች ሰብስቤ ንግግር አደረግሁላቸው። የልደት ኬክ ነበር፣ እኔም አንድ ቁራሽ ወሰድኩ፤ የቀነሰ ሰው ይገባዋል። «ቆራጥነት ነው» አልኳቸው። «ሰው በዚህ ዕድሜ አይለወጥም የሚሉት ሰነፎች ናቸው። እኔን እዩ።» ሁሉም እግራቸውን አዩ። አፍረው ነው፤ ወጣት ሆነው ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ አሉ።

ሁለተኛ ቁራሽ አልወሰድኩም። ግማሽ ነው።

ማክሰኞ 23

ጉርዱ ይዞርብኛል! ቁልፉ ከሆዴ ወደ ጎን እየሄደ ያስቸግረኛል። ለቀጭኔ እየዞርኩ አሳየኋት።

«ይሄን ጉርድ ጣዪው በቃ» አለችኝ። «አርጅቷል። በልክሽ አዲስ እሰፋልሻለሁ። ዛሬውኑ ስጪኝና በእሱ ልቁረጥ።»

«አበድሽ? ሰኞ ሐኪም ቤት ለብሼው ነው የምሄደው። ያ ልጅ በዓይኑ ይየው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። አሟት እንደሆነ ጠየቅኋት። እንቅልፍ ነው አለች። ለሰው ስትጨነቅ የራሷን ጤና የምትረሳ ሴት ናት።

ሰኞ 29

ዘጠና አምስት።

ሰኞ 29፣ ማታ

ከላይ ያለውን አውቶቡስ ውስጥ ነው የጻፍኩት። አሁን እጄ ረጋ ብሏል፤ እንደሆነው ልጻፈው።

ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። እየሳቅሁ ነው የወጣሁት። ዝቅ ብላ አየችና «እማማ፣ ጫማ አውልቀዋል?» አለችኝ። አውልቄያለሁ። «ዘጠና አምስት ይላል።» ሚዛናችሁ ተበላሽቷል አልኳት። እሺ ብላ ሌላ ክፍል ወሰደችኝ፤ አዲስ ሚዛን፣ ቁጥሩ በቀይ የሚበራ። ዘጠና አምስት። ጉርዱን በሁለት እጄ ሳብ አድርጌ «ይሄን እያየሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ጉርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በሐዘን አየችኝ። «አራት ሳምንት አለዎት ገና» አለች። ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ።

ቤት ገብቼ ጉርዱን ገለበጥኩት።

ስሰፋው በሁለቱም ጎን የተረፈ ጨርቅ በደንብ ትቼበት ነበር፤ ወደፊት ብወፍር እንዲሰፋ ብዬ። ራሴን አውቀዋለሁ። አሁን የተረፈ የለም። የኔ የድሮ ስፌት ተፈትቶ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ በመስመር ቀርቷል። ከእሱ ወጣ ብሎ ሌላ የቀዳዳ መስመር፣ ከእሱ ወጣ ብሎ ሌላ። መጨረሻ ላይ፣ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ላይ፣ የያዘው ስፌት። ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል። ስፌቱ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ተመልሶ ታስሯል። ሌላው ሰው ሁሉ ሁለቴ ነው የሚመለሰው። ሦስቴ የምትመለስ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ያውም «የኔ ሥራ አይፈታም» እያለች።

ማክሰኞ 30

ጉርዱን ገልብጬ መኪናዋ ላይ ጣልኩላት። የምትሰፋውን ሸሚዝ አቆመች። 

«አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያሰብኩት» አለችኝ። አልካደችም። «እዚያ ሽንት ቤት ልተወው ነው ስትይኝ ጊዜ፣ አንድ ጣት ላስፋላት፣ ልቧ ይመለስ፣ ከዚያ ራሷ ትቀንሳለች አልኩ። ስትስቂ አየሁሽ እኮ። ዓመት ሙሉ ስቀሽ አታውቂም። ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ጣትሽ አልገባ ሲል ምን ልበልሽ? ደግሜ አሰፋሁት። ጨርቁ እስኪያልቅ።»

«አንቺ ስታሰፊው እኔ ኬክ እየበላሁ ነበር!»

«አውቃለሁ።»

«አምስት ሳምንት! አምስት ሳምንቴን ነው የበላሽብኝ!»

«አውቃለሁ አልኩሽ» አለችና ፊቷን በሸሚዙ ሸፈነች።

ዞር ስል ልጆቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። አጨብጭበውልኛል። አንጀትዎ ነው የቀረው ብለውኛል። ቆራጥነት ብዬ ስሰብክ ቁጭ ብለው ሰምተውኛል። የካውያዋ ልጅም አላረገዘችም፤ የሚወራው የኔ ነበር።

ቀጭኔን እንኳ ይቅር እል ይሆናል። ያን ጭብጨባ ግን እንዴት ነው የምረሳው?

ረቡዕ 1

ባለቤቴም ያውቃል።

የቤት ቀሚሴን ለብሼ መስታወት ፊት ቆሜ ነው የገባኝ። «አልኮማተርከውም ነበር» አልኩት። ድንች ይልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠ። ቀጭኔ ነግራዋለች፣ ገና ድሮ፣ ሥራ ቤት በር ላይ ሊቀበለኝ የመጣ ቀን። «ተይ ልበላት ብዬ ነበር» ይለኛል። «ግን ደስ ብሎሽ ነበር። ሌሊት ጉልበትሽን ይዘሽ ማልቀስ አቁመሽ ነበር። እኔ ማነኝ ይሄን የምወስድብሽ?»

ያን ሁሉ ቀን በፈላ ውኃ አጠብክ እያልኩ ስወርድበት በቀዝቃዛ ነው ከማለት በቀር ሌላ አልጨመረም። ስድቤን ዋጠ፣ እውነቱንም አብሮ ዋጠ። እራት ሳልበላ ተኛሁ። ለክብደቱ ብዬ አይደለም።

ዓርብ 3

በሌላ መንገድ ሄድኩ፤ ማንም በማያውቀኝ ሠፈር፣ በጋራዦቹ በኩል። ስድስት ፌርማታ። በንዴት ነው የሄድኩት። እያንዳንዷን እርምጃ በአንድ ሰው ፊት ላይ ነበር የምረግጠው። አንዱ መካኒክ «እማማ፣ ማን አባሮዎት ነው?» አለኝ። ወዳጆቼ፣ አልኩት።

ሰኞ 6

አሠሪዬ ዛሬ አስታወቀች። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቀጭኔ ትቆማለች፤ «ለጊዜው፣ ጉልበትሽ እስኪለይለት»። እኔ ወደ መስኮቱ ሥር።

ቀጭኔ አሻፈረኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቅሁ። «እሺ» አለች።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ለጠረጴዛው ብላ ይሆን? ይሄን በመጻፌ አላፍርም። ሃያ ስድስት ዓመት የኔን ጠረጴዛ ከጎን ስታይ ኖራለች። ልቧን ከፍቼ አላየሁ።

ረቡዕ 8

ፋርማሲው ደጃፍ ቆምኩ። «ዘጠና አራት!» አለች ሴትዮዋ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። ይስማ። ከዛሬ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ እመጣለሁ አልኳት። «ጮክ ብለሽ ተናገሪ። እንዳታዝኚልኝ።» እንደ እብድ አየችኝ።

ቁርስ እንቁላል አንድ። ምሳ ሾርባ። ዳቦ የለም። ስኳር የለም፤ ባለቤቴ እንዲደብቀው አላስፈለገም።

እሑድ 12

ባለቤቴ ሳይጠይቀኝ አብሮኝ ወጣ። አሥር እርምጃ ወደኋላ ይከተለኛል። ዞሬ አላየሁትም። መንገድ ስሻገር ግን «መኪና!» ብሎ ይጮሃል። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው፣ እግረኛ ሲሆን ፈሪ ነው።

ማክሰኞ 14

ዘጠና ሦስት። ቁልፍ መትከል ጣት ይበሳል። ቀጭኔ የመጀመሪያውን ጣቃ ስትቆርጥ አየኋት። ወደ ጫፉ ስትደርስ ጨርቁ ይንሸራተትባታል፤ ጨርቁን በክርኗ መያዝ እንዳለባት ማንም አልነገራትም። ልነግራት ከንፈሬ ተላቀቀ። ዘጋሁት።

ዓርብ 17

ዘጠና ሁለት፣ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ። ሴትዮዋ «ወረደ!» ብላ እስክትዘል ድረስ ለምዳኛለች።

በፍቅር ያልቀነስኩትን በንዴት ቀነስኩ። እንዲህ ነው መሰለኝ የተፈጠርኩት። ሐኪሙ «ምክንያትዎን ይፈልጉ» ብሎኝ ነበር፤ የልጅ ልጅ፣ ጤና፣ ረዥም ዕድሜ ምናምን። የኔ ምክንያት የሰዎች ፊት ሆነ። ያ የሚያጨበጭብ ፊት።

እሑድ 19

የደብተሩን የፊት ገጾች አነበብኩ። ባላነበብኩ።

አርባ ዓመት ጨርቅ ስዳስስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የድርን ቁጥር በጣት አውቃለሁ። ሸካራ ነገር ነካኝና ረሳሁት? ነጭና ሰማያዊ ብቻ በሚሰፋበት ቤት ግራጫ ክር አገኘሁና ጠርጌ ጣልኩት? አንድ ጊዜ እንኳ ፋርማሲው ደጃፍ አልቆምኩም። መቆም እችል ነበር። ቁጥሩን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ ማለት እችል ነበር።

አወቅሁ አልልም። ግን እንዳላውቅ በደንብ ተጠነቀቅሁ። ጉርዱን ያሰፋችው እሷ ናት፤ የለበስኩት እኔ ነኝ።

ይሄን ለማንም አልናገርም።

ሐሙስ 23

ዘጠና አንድ። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያነሰ ይጮሃል፤ ወይም ለምጄው ነው። አሁን እንዲህ ያለውን ነገር ከሁለት ጊዜ በላይ ሳልመዝን አላምንም።

ሰኞ 27

ዘጠና።

ሐኪሙ ወረቀቱን ብዙ አየ። «በአራት ሳምንት አምስት ኪሎ» አለ። «በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት፣ እንዴት አደረጉት?»

«ተናድጄ» አልኩት።

አልሳቀም። ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ከመጀመሪያው ቀን እንደዚህ ቢሄዱ ኖሮ ዛሬ የቀዶ ሕክምናውን ቀን እሰጥዎት ነበር። አሁን ግን ሰማንያ ስድስት አልገቡም፤ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል። ዓመት ከመንፈቅ። እንዳያቆሙ ብቻ።»

እሺ አልኩት። ከመጋረጃው ውጪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር ረዥም ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚያ በእግሬ ወደ ሥራ ቤት። ያን የሐኪሙን ዓረፍተ ነገር እስከ በሩ ድረስ ምላሴ ላይ ይዤው ሄድኩ። ከመጀመሪያው ቀን እንደዚህ ቢሄዱ ኖሮ። ማንም ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሐኪም የተናገረው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ይሄን ያህል የሚጎዳ ነገር በእጄ ኖሮኝ አያውቅም። እንዴት እንደምናገረው ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ።

ቀጭኔ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ስታየኝ መቀሱን አስቀመጠች። ክስት ብላለች፤ እሷ ደግሞ የሚከሳ ነገር ከየት አመጣች? ሁሉም መኪና ቆመ።

«ስንት ሆነ?»

«ዘጠና።»

 «አልበቃም።»

«አልበቃም። ተራዬ ለሌላ ሰው ሆነ።»

ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። ከቁመቷ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «በኔ ምክንያት ነው፣ አይደል? ያ አምስት ሳምንት ባይኖር ኖሮ… እውነቱን ንገሪኝ እህቴ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» አለችኝ። ዓይኖቿ ቀይ ናቸው። ሲጠብቅ ያደረ ሰው ዓይን።

«አይደለም» አልኳት። «መጀመሪያም ቢሆን አልደርስም ነበር ብሎኛል። በዚህ ዕድሜ ከዚህ በላይ አይወርድም አለ።»

ሦስት ሰከንድ አልፈጀብኝም። አንገቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ ትከሻዬን ሳመች፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች፤ ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲወርድላት አየሁ፣ የሁለት ወር ድካም። ልጆቹም ተነፈሱ። እኔንም ደስ አለኝ። ለሰው ጉርድ ማስፋት እንዲህ ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

ራሴን ነቀነቅኩላት፤ መስኮቱ ሥር ሄጄ ቁጭ አልኩና መርፌዬን አነሳሁ።

ይቅር ማለቴ አይደለም። ይቅር ብያት ቢሆን ኖሮ እውነቱን እነግራት ነበር።